ፊቷ የተቆረጠው የውኃ ልጃገረድ

ሠዓሊው ኔስቶር አርካዲየቪች ቶልማቾቭ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ወንዙ ገና ከበረዶ እስራቱ ሳይፈታ፣ በገዛ ቤቱ ወለል ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ራሱ ከጡቡ ምድጃ ማዕዘን ሥር ወድቋል፤ ግንባሩም ተፈንክቷል። ከበላዩ ትልቁ ሥዕሉ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ በሥዕሉም ውስጥ አንዲት የውኃ ልጃገረድ በጨረቃ ብርሃን ወንዝ ዳር ተቀምጣ ረጅም ጠጉሯን ታበጥራለች። ጠጉሯ አለ፤ እጆቿ አሉ፤ የቀንድ ሚዶዋም አለ፤ ፊቷ ግን የለም። ፊቷ በነበረበት ስፍራ በስለት የተቆረጠ ነጭ ባዶ ቦታ ብቻ ቀርቷል።

ነገሩን እንዲመረምር ከቮሎግዳ ከተማ የተላከው መርማሪ ፓንክራት ሉኪች ዙባሬቭ ነበር። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ በኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር፣ እራቱን አከራዩ ከደጃፉ አስቀምጣ የምትሄድለት፣ እርሱም ባዶ ሳህኑን እዚያው ደጃፍ ላይ የሚመልስ፣ ሰው ሳያነጋግር መሰንበትን የለመደ ሰው ነው። ሩቅ ጉዞ ሲታዘዝ አያጉረመርምም፤ ትቶት የሚሄደው የለምና። በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች ጫካ ለጫካ ተጉዞ ቼርናያ ስሉዳ ከምትባለው መንደር ሲደርስ፣ ወንጀለኛው ተይዞ ጠበቀው።

«ጉዳዩ እኮ አልቋል፣ ፓንክራት ሉኪች» አለ የመንደሩ ፖሊስ ካርፕ ትሪፎኖቪች፣ ጢሙ ላይ የተጋገረውን በረዶ በመዳፉ እያራገፈ። «እርስዎ እንዲያው በብርድ ተንገላቱ። አዳኙ ኤርሞላይ ነው። የተቆረጠውን ፊት ከትራሱ ሥር አግኝቼበታለሁ። ነገ ጧት በሰንሰለት ወደ ከተማ እሰደዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሳይቤሪያ ታሟሸው።»

«ፊቱ የማን ነው?»

«የልጁ ነዋ! የኡስቲኒያ። አምና በረዶው ከሥሯ ተሰብሮ ወንዝ የበላት። ይኼ ሠዓሊ ደግሞ ምን ቢነካው ነው፣ የሞተችውን ልጅ ሩሳልካ አድርጎ ሣላት! ኤርሞላይ ገበያ መሀል ‹አጠፋዋለሁ› ብሎ ሲምል አገር ሰምቷል።»

 በዚያ አገር ለተወለደ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ሩሳልካ የምትሆነው ነፍሷን በገዛ እጇ ያጠፋች ልጃገረድ ናት ይባላል፤ በተቀደሰ መሬት የማታርፍ፣ ካህን ጸሎት የማይደርስላት፣ ሌሊት ከውኃ ወጥታ መንገደኛ የምታስት። ስለዚህ ያ ሥዕል ለሣለው ሰው የቆየ ተረት ቢሆን፣ ለአባት ግን በልጁ ነፍስ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነበረ።

የሠዓሊው ቤት ከመንደሩ ተነጥሎ ከጥድ ዛፎች ሥር የቆመ የግንድ ቤት ነው። መርማሪው ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ወደ ቅዱሳት ሥዕላቱ ማዕዘን ዞሮም አማተበ። መስተዋቱ በነጭ ፎጣ ተሸፍኗል፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀምጧል። ቀሪው ግድግዳ ሁሉ በሥዕል ተሞልቶ ነበር፦ ጺሙ ሽበት የሆነ የጫካ ጌታ፣ የሴት ፊት ያላት ወፍ፣ በዶሮ እግር የቆመች የጠንቋይ ጎጆ፣ ጀርባው ላይ ልዑል የተሸከመ ግራጫ ተኩላ። ሠዓሊው ከዋና ከተማው ጥሎ መጥቶ፣ ከባልቴቶች አፍ ተረት እየለቀመ፣ በመስኮት ክፈፍና በፎጣ ጥልፍ ላይ ያየውን ሐረግ እየቀዳ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ አርጅቷል። ጎረቤቶቹ እነዚህ ብቻ እንደ ነበሩ ዙባሬቭ ወንበሩን አይቶ አወቀ። ሁለት ወንበሮች ነበሩ፤ አንደኛው ላይ የቀለም ማሰሮዎች ተደርድረውበታል።

«መስተዋቱን ማን ሸፈነ?»

«ፌክላ ሳቪሽና፤ ምግቡን የምትሠራለት ባልቴት። ጧት መጥታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። እንደ ደንቡ አደረገች።»

መርማሪው ከትልቁ ሥዕል ፊት ቆመ።

«ካርፕ ትሪፎኖቪች፣ የዚህ ቤት ግድግዳ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ምን ቀለም አለው? ግንድ አይደል እንዴ። ጭስ የበላው ጥቁር ግንድ።»

«ታዲያ ከቀዳዳው ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየን ምንድን ነው?»

ካርፕ ወደ ቀዳዳው ጠጋ ብሎ ተመለከተ። ሁለቱ ተረዳድተው ሥዕሉን አውርደው ገለበጡት። ከጀርባው አዲስ የተልባ ጨርቅ በሙጫ ተለጥፏል፤ ከፊት በኩልም በጠመኔና በዓሣ ሙጫ ተለስኖ ለአዲስ ቀለም ተዘጋጅቷል። ልስኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስላሳ ነበር። የሙጫው ድስት ከምድጃው ራስጌ ተቀምጧል፤ ብሩሹም ታጥቦ ተሰቅሏል።

«ሌባ ከሰረቀ በኋላ ቀዳዳውን ጠግኖ፣ ብሩሹን አጥቦ ይሄዳል?»

«እንግዲህ...» አለ ካርፕ፣ «ጨዋ ሌባ ከሆነ...»

«ሠዓሊው ፊቱ ከተቆረጠ በኋላ በሕይወት ነበር። ተቀምጦ ሠርቷል።»

«ይሁና! ኤርሞላይ ተመልሶ መጥቶ ቢገድለውስ?»

ይህም ሊሆን ስለሚችል ዙባሬቭ ሬሳውን ሊያይ ወጣ።

ሬሳው እሳት ባልነደደበት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በአግዳሚ ላይ ተጋድሞ ነበር። መርማሪው ሸማውን ገልጦ ብዙ ቆየ። የግንባሩ ቁስል ጥልቅ አልነበረም፤ ደሙም ጥቂት ነው። ፊቱ ግን እንደ ሌሎች ሙታን አልገረጣም። ጉንጩና ከንፈሩ ቀይ ሆነው፣ ሰውየው ገና አሁን ታጥቦ የወጣ ይመስል ነበር።

«ብርዱ ነው» አለ ሊያየው የተጠራው የመንደሩ ሐኪም ረዳት፣ እጁን በብብቱ ሸጉጦ። «ብርድ ላይ ያደረ ሬሳ እንዲህ ይቀላል። እኔ ስንቱን አይቻለሁ መሰለዎት! ይልቅ እንውጣ፣ ጌታዬ፤ እኛም ልንቀላ ነው።»

ኤርሞላይን ያሰሩት በመንደሩ የእህል ጎተራ ነበር። ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ዓይኑ ከጭቃ የወጣ ብርጭቆ የሚመስል ሽማግሌ ነው። መርማሪው ሲገባ አልተነሣም።

«ገደልከው?»

«ብገድለው ኖሮ በምድጃ ማዕዘን ነበር እንዴ የምገድለው? ድብ የምጥልበት ጦር አለኝ እኮ። ካርፕ መቼም ድብ አይቶ አያውቅ፤ እሱ ምን ያውቃል።»

«አፍህን!» አለ ካርፕ ከበሩ።

«ተወው» አለ ዙባሬቭ፤ በገብስ ጆንያ ላይም ተቀመጠ። «ፊቱን እንዴት አገኘኸው?»

«ሰጠኝ።»

«ማን ያምንሃል?»

«አንተም አትመን፤ ምን ቸገረኝ!» የአዳኙ ድምፅ ተለወጠ። «እውነቱን ልንገርህ? ስሄድ ሥዕሉን ልቀደው ነው የሄድኩት። ቢላዬን ይዤ። እየሣለ ነበር። ‹ልጄ ውኃ ልትቀዳ ነው የሄደችው፤ ባልዲ ይዛ። ራሱን ሊያጠፋ የሚሄድ ሰው ባልዲ ይዞ ይሄዳል ወይ? አንተ ግን እርኩስ መንፈስ አደረግሃት› አልኩት። እኔ ይሰድበኛል ስል፣ ማሰሮዎቹን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ‹ተቀመጥ› አለኝ። ከዚያ አለቀሰ።»

«ምን አለህ?»

«‹በዚህ አገር ስሜን ጠርቶ ሰላም የሚለኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ ፊት ስፈልግ ሌላ ፊት አላውቅም› አለኝ። ራሱ አውርዶ፣ ራሱ ቆረጠው። ሲቆርጠው አተኩሶት ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ‹እኔስ ምን ሆኜ ነው ይህን ያላሰብኩት› ይል ነበር ደጋግሞ።»

«ከዚያ ወዴት ሄድክ?»

«ቤቴ። ከዚያ የማታው ጸሎት ሲደወል ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከዚያ ደግሞ ቤቴ። ምስክር ካልክ ውሻዬ አለ።»

«ፊቱን ለምን አላቃጠልከውም? በልጅህ ላይ የተጻፈ ስድብ ነው ስትል አልነበረም?»

ኤርሞላይ የተሰነጣጠቁ እጆቹን ገልብጦ ተመለከተ።

«ፊቷ እየጠፋብኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ ፎቶግራፍ የት እናውቃለን። ጧት ስነሣ ዓይኗ ይመጣል፤ አገጯ አይመጣም። ጠጉሩና ውኃው ከላይዋ ሲወርድ ግን ሩሳልካ መሆኗ ቀረ። ልጄ ሆነች። እንዴት አድርጌ ላቃጥላት?»

መርማሪው ከጎተራው ሲወጣ ካርፕ ከኋላው እየተከተለ «ያሳዝናል፤ ግን ማሳዘን ማስረጃ አይሆንም» አለ። ይህን በማለቱም ዙባሬቭ አልተቆጣውም፤ እውነቱን ነውና። እስከ ነገ ጧት ሌላ ነገር ካልተገኘ ሽማግሌው በሰንሰለት ይሄዳል፤ የልጁም ፊት የክስ ማስረጃ ሆኖ በከተማው መዝገብ ቤት ይቀራል።

ከሠዓሊው መስኮት ሥር፣ ጣሪያው ከነፋስ ባስጠለለው በረዶ ላይ፣ የጫማ ፈለግ ታትሞ ቀርቶ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ በክረምት የሚጫማው ከሱፍ የተደቀደቀ ቡትስ ነው፤ ይህ ፈለግ ግን የጎማ ጫማ ነበር፤ የፋብሪካው ምልክት ሳይቀር ይነበባል። በቼርናያ ስሉዳ እንዲህ ያለ ጫማ የነበረው ከዋና ከተማው የመጣው የሥዕል ነጋዴ ኦስካር ፍራንሴቪች ሌምኬ ብቻ ነው። ዙባሬቭ በፈረስ መለወጫ ጣቢያው አገኘው፤ ሻንጣውን አሳስሮ፣ ስኳሩን በጥርሱ ይዞ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«በጣም አዘንኩ፤ ታላቅ ሰው ነበር» አለ ነጋዴው። «ሥዕሉን ለትልቁ ዐውደ ርእይ እንዲሰጠኝ ስለምነው ከረምኩ። በዚያ ቀን ግን አላገኘሁትም።»

«ጫማዎ አግኝቶታል።»

ነጋዴው ስኳሩን ዋጠ።

«በመስኮት አየሁ እንጂ አልገባሁም» አለ፤ ጆሮው እየቀላ። «ደወሉ ተደውሎ፣ መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ቆየት ብሎ ነው። አንኳኳሁ፤ ዝም አለኝ። በመስኮት ባይ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ብቻውን ነበር። ከዚያ ተነሣና እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ግድግዳ ግድግዳውን ዳበሰ። ‹ደህና አድርጎ ጠጥቷል› ብዬ ሄድኩ።»

«ከዚህ በፊት ሲጠጣ አይተውት ያውቃሉ?»

«...አላየሁም። ወይን እንኳ አይቀምስም ነበር።»

«ይህን ለምን ቀድመው አልተናገሩም?»

ሌምኬ ብርጭቆውን በሰሐኑ ላይ ገለበጠ። «ስስቅ ነበር ያየሁት፣ ጌታዬ። ሰውዬው እየሞተ እኔ ስስቅ ነበር። ይህ ለማን ይነገራል?»

ዙባሬቭ ወደ በረዶው ወጥቶ ብቻውን ቆመ። የማይጠጣ ሰው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ራሱን ይዞ ይደፋል፤ ከሞተም በኋላ ጉንጩ ቀይ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ኤርሞላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ሲሰግድ እንዳዩት የመንደሩ ሰዎች ነግረውታል። እንዲህ የሚገድል እጅ የሌለው ገዳይ አንድ ብቻ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በዚያ አገር ጎጆዎች ውስጥ ሰው የሚቀጥፈው፣ ሽታ የሌለው የፍም መርዝ። ፍሙ ሳይከስም የጭስ ማውጫው መክደኛ የተዘጋ እንደ ሆነ፣ ሙቀቱም ሞቱም አብረው ቤት ይቀራሉ።

«ካርፕ ትሪፎኖቪች! ሬሳው ሲገኝ የምድጃው መክደኛ ተዘግቶ ነበር?» አለ፣ ፖሊሱን ከፈረሶቹ አጠገብ ጠርቶ።

«አልተዘጋም! ራሴ አይቻለሁ፤ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ቤቱም እንደ ውጭው ቀዝቅዟል። የከሰል መርዝ አስበው ከሆነ ይተዉት፤ እኔም አስቤ ትቼዋለሁ።»

ተስፋው እንደገና ተዘጋ። የቀረችው ባልቴቲቱ ብቻ ነበረች።

ፌክላ ሳቪሽና በመስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ ተልባ ትፈትል ነበር። ጥቁር ሻሿ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። ቤቷ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው፤ ከእንዝርቷ ሹክሹክታ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«ይቀመጡ፣ ጌታዬ። የጾም ሾርባ አለ፤ እንጉዳይ ብቻ ነው።»

«ይቆይልኝ፣ ፌክላ ሳቪሽና። በዚያች ጧት ያደረጉትን ሁሉ ይንገሩኝ።»

«ምን አደረግሁ? ገባሁ፤ አየሁት። ‹ኔስቶር አርካዲየቪች› አልኩት። አልመለሰልኝም። ድሮም ሥራ ላይ ሲሆን አይመልስልኝም ነበር፤ ስለዚህ ደግሜ ጠራሁት።» እንዝርቱ ዞረ። «ከዚያ ዓይኑን ከደንኩለት። መስተዋቱን ሸፈንኩ። ነፍሱ እንድትታጠብ ውኃ አስቀመጥኩ።»

«ለነፍሱ ሌላስ ምን አደረጉ?»

«ያው የታወቀው ነዋ። በሩን ወለል አደረግሁ፤ የጭስ ማውጫውን መክደኛ ስቤ ከፈትኩ። ነፍስ በምን ትውጣ ታዲያ? እዚያ ታፍና ትቅር?»

መርማሪው፣ ሃይማኖተኛይቱ ሴት ለሙት ነፍስ መንገድ ስትከፍት፣ የገደለውን ነገር አብራ ማስወጣቷን ተረዳ። ከመጠየቁ በፊት ግን ብዙ ዘገየ፤ ጥያቄው ምን እንደሚያደርስባት አውቋልና። ጎተራ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ሳይጠይቃት ተነሥቶ በሄደ ነበር።

«መክደኛው ተዘግቶ ነበር ማለት ነው?»

«አዎን፣ ማታ እኔው ራሴ ነኝ የዘ...»

እንዝርቱ ቆመ።

ክሩ ከጣቷ አምልጦ ወደ ወለሉ ወረደ፤ አላነሣችውም።  ከውጭ የአንድ ተንሸራታች ደወል እየራቀ ሲሄድ ተሰማ።

«አተኩሶት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያንን ፊት ቆርጦ ከሰጠ በኋላ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልስኑንም ካልጨረስኩ ብሎ አስቸገረ። ‹ይበርደኛል ፌክላ› አለኝ። ስንት ክረምት ሳበስልለት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ምንም ነገር ብሎኝ አያውቅም። ብዙ እንጨት ጨመርኩ። ደወሉ ሲደወል ፍሙን ገልጬ አየሁ፤ አንዲት ሰማያዊ ነበልባል ቀርታ ነበር። አንዲት ብቻ። ‹አሁን ትጠፋለች› አልኩ። ለጸሎት ቸኩዬ ነበር፣ ጌታዬ። ሙቀቱ እንዳይሄድበት ብዬ...»

 ሁለት እጇን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከተቻቸው።

«ተሠቃየ?»

«እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው ነው የሆነው። ሲነሣ ወድቆ ግንባሩን ምድጃው መታው።»

«በሩን ሊከፍት ነበር የተነሣው?»

«አላውቅም» አለ ዙባሬቭ፤ እውነቱም ይኸው ነበር።

ለካርፕ መልእክት ላከ። ካርፕ ሰምቶ ብዙ ተሟገተ፤ በኋላ ግን የቀላውን ሬሳና የተንገዳገደውን ሰው አስታውሶ፣ «እኔ እኮ አስቤው ነበር፤ ትቼው ነው እንጂ» እያለ ጎተራውን ሊከፍት ሄደ። ኤርሞላይ እንደ ተፈታ በቀጥታ ወደ ፌክላ ቤት መጣ፤ ካርፕ የመለሰለት፣ በጨርቅ የተጠቀለለው የልጁ ፊት በብብቱ ነበር። ባልቴቲቱ ስታየው በጉልበቷ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት አስነካች።

«ይቅር በለኝ፣ ኤርሞላይ። በእኔ ታሰርክ።»

«ተነሺ በይ፣ አንቺ ሴትዮ» አለ አዳኙ፤ ክንዷንም ይዞ አነሣት። «ብቻሽን እንዳትውዪ። የዓሣ ጊዜ ሲደርስ ዓሣ አመጣልሻለሁ።» ይህን ብሎ ወጣ።

መርማሪው ወረቀትና ቀለም አውጥቶ በጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋ። ብዕሩን ቀለም ካስነካ በኋላ ቆም አለ።

«ፌክላ ሳቪሽና፣ ያዳምጡኝ። መክደኛውን ሠዓሊው ራሱ ዘጋው ብዬ ብጽፍ የሚጠይቅ የለም። ኤርሞላይ ተፈትቷል። የሞተውን የሚከስ የለም።»

«በጾም፣ በሞተ ሰው ላይ ሐሰት ልጫንበት?»

«የእርስዎን ስም ካስገባሁ ለቤተ ክህነት ይደርሳል። እስራት አይደለም፤ ነገር ግን የንስሐ ቅጣት ይሰጥዎታል። መንደሩም ያውቃል።»

«ይወቅ!» አለች፤ ድምፅዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ይወቅ። እናት የለው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከተማው ለሥዕሎቹ ሰው ይልካል፤ ለእሱ ማንም አልላከ። የአንድ ሰው ስም እንኳ ከእሱ ስም አጠገብ ሳይጻፍ ይቀበር? ይጻፉኝ፣ ጌታዬ።»

ዙባሬቭ ጻፈ። ምሽቱ ገና አልጨለመም፤ የመስኮቱ ብርሃን ይበቃው ነበር። ሲጨርስ፣ ማንበብ ስለማትችል፣ ቀስ አድርጎ አነበበላት። «የመንደሩ ነዋሪ ፌክላ ሳቪሽና፣ ሠዓሊውን ኔስቶር አርካዲየቪች ቶልማቾቭን እንዳይበርደው በማሰብ፣ ፍሙ ሳይከስም የምድጃውን መክደኛ ዘጋች።»

«የትኛው ነው የእሱ ስም?»

አሳያት።

«የእኔስ?»

አሳያት።

«እንዳይበርደው የሚለውስ የትኛው ነው?»

መርማሪው የብዕሩን ጫፍ ከቃሉ ሥር አኖረ። እርሷም ጣቷን በሻሿ ጠርጋ፣ ቀለሙ እንዳይበላሽ በጥንቃቄ፣ ከዚያች ቃል በታች አሳረፈችው፤ ለረጅም ጊዜም አላነሣችውም። ዙባሬቭ ባርኔጣውን አንሥቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠውና ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ሾርባው» አለ፣ «ካልቀዘቀዘ እቀምሳለሁ።»